ከምሳ በፊት ፈርሙ

እኛ አገር ችግር አይፈታም፤ ሥልጠና ይሰጥበታል! ውኃ ጠፋ? የውኃ አጠቃቀም ሥልጠና። ሥራ ጠፋ? የሥራ ፈጠራ ሥልጠና፣ በፈረንጅ ድጋፍ፣ ከነቦርሳው ከነእስክሪብቶው። እናንተም ቤት እኮ ቢያንስ ሁለት ቦርሳ አይጠፋም... አትካዱ!

በዚያ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር ሰሞን ሱሉልታ ላይ ገበሬዎች «ከእርሻ በኋላ ስላለው ሕይወት» ሊሠለጥኑ ተጠሩ። እኔ ከቡራዩ የሄድኩት በኦሮምኛ አስተርጓሚነት ነው። አሠልጣኙ መንገድ ይዘጋል ብሎ ስለፈራ መኪናውን ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዙሮ አቆማት። ከዚያ ገብቶ ስለ መረጋጋት አስተማረን።

ምሳ ሲደርስ የሚፈረምበት የአቴንዳንስ ወረቀት ዞረ። ዞረ፣ ዞረና... ባዶውን ተመለሰ!

«አባቶች፣ መገኘታችሁን ለማወቅ ብቻ እኮ ነው!» አለ አሠልጣኙ። ገና ሳልተረጉም ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ በአማርኛ መለሱለት።

«መገኘቴን አይተኸኛል። ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ፈረመ። ወረቀቱ ቢሮ ሲደርስ ‹መሬቱን ለመልቀቅ ተስማምቷል› ሆነ። ላኪ! አይሆንም፣ አልፈርምም። የእኔ ማሳ የአምስት ልጆች ጉሮሮ ነው።»

ያለ ፊርማ ደግሞ ምሳ የለም። የጥብሱ ሽታ ከጓሮ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም... እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እስክሪብቶዬን አወጣሁና ከራሴ ጀምሬ፣ ጠዋት ሲተዋወቁ የሰማሁትን ስም ሁሉ ጽፌ ፈረምኩላቸው። ለኦቦ ቶሎሳማ የሚኒስትር ፊርማ ነው የሰጠኋቸው!

ለካ ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመዋል።

«አንተ ልጅ፣ ለሆድህ ስትል ልጆቼን ልታፈናቅል ነው?»

አልጮሁብኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ እፍረቱ እስከዛሬ አለቀቀኝም። እዚያው ፊታቸው ስሞቹን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። እሳቸውም የራሳቸው ስም በደንብ መሰረዙን አይተው፣ ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ምሳ ሳይበሉ ወደ ማሳቸው ሄዱ።

አሠልጣኙ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ያልተሰረዘ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የእኔ።

«አንድም ሰው ቢሆን ሪፖርት ነው» አለና እስክሪብቶ አነሳ። «መሬትህ ስንት ሄክታር ነው?»

«ኧረ እኔ ተከራይ ነኝ!»

ፊቱ በራ።

«ታዲያ ሥልጠናው ሠርቷላ!» አለና ጻፈ፦ «ሠልጣኙ ያለ መሬት መኖር ችሏል።»