ንጹሕ ውኃ የፈሩት ጎረቤቴ

ወሬ አጋምሶ ሰምቶ ሙሉ አድርጎ የሚያስተምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ኮተቤ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አጥር እጋራለሁ፤ ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ።

ልጃቸው ሜሮን ተመራማሪ ናት። ከዲኤንኤ ለዓይን የማይታዩ ሳጥኖች ትሠራለች። በቀደም ምሳ ላይ፣ ሳጥኖቹ የማግኒዥየም ጨው ባለበት ውኃ ጸንተው እንደሚቆዩ፣ በንጹሕ ውኃ ግን ሊፈርሱ እንደሚችሉ ስትነግራቸው፣ ሳትጨርስ ከገበታው ተነሡ።

እሑድ የዕድር ስብሰባ ላይ ጋሽ ታፈሰ ከጆግ ውኃ ቀዱልኝ። አንዴ ብጎነጭ ክው አልኩ። ጨው በጨው ነው። ዞር ብል ዕድርተኛው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ መድኃኒት ይውጣል።

"ጋሽ ታፈሰ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"እንዳትፈርስ ነው፣ ልጄ። ዲኤንኤ አለህ አይደል?"

ምን ልበል? የለኝም ልበል?

ለሜሮን ደወልኩላት። መጥታ ጆጉን ቀመሰችና ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ፣ የሚፈርሰው እኔ የሠራሁት ሳጥን ነው እንጂ ሰው አይደለም። ደግሞ ግማሹ ሰው ደም ግፊት አለበት፤ ልትቀብረው ነው?"

ጋሽ ታፈሰ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ወሬው ቀበና ደርሷል። አሁን ተሳስቼ ነው ብል ሰው ይደነግጣል" ብለው ብርጭቆዬን ሞሉልኝ።

እኔም፣ ምን ይታወቃል ብዬ፣ ጠጣሁት።