ለኮሚቴው የተላከ ሽማግሌ

ከቃላት ሁሉ ጨዋው «የለም» ይመስለኛል። እዚህ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ የጠየቃችሁት ዕቃ ከሌለ ባለሱቁ በዓረብኛ «ማፊ»፣ የለም፣ ይላችኋል፤ ቁርጣችሁን አውቃችሁ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። እኔም የቧንቧና የሚስማር ሱቄን ከከፈትኩ ጀምሮ ይህን ቃል ሳልሳሳ ተናግሬያለሁ። ሰውን የሚገድለው «ሊኖር ይችላል፣ አይታወቅም» የሚባለው ነው።

ልጄ ሜሮን እዚሁ ጁባ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ሒሳብ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጇ ናታን አንገቱ ሳይጸና አራት ዓመት ሞላው። ናይሮቢ ያለ ሆስፒታል ደሙን ወስዶ ዘረመሉን ከዳር እስከ ዳር አነበበና፣ «አንዲት ፊደል ተለውጣለች፤ በሽታው ከእሷ ይሁን አይሁን ግን አይታወቅም» አለን። ሜሮን ደግሞ ሁለተኛ አርግዛለች። ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሆዷ ውስጥ ያለውም እንደ ወንድሙ ይሆናል?

ሐኪሙ የዓለም ሰው ዘረመል የተከማቸበት፣ ማንም ገብቶ የሚያየው ድረ ገጽ ጠቆመን። ፊደሏ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ከተገኘች ጉዳት የላትም ማለት ነው።

ቀላል መሰለኝ። መቁጠር ነዋ! እኔ ሰው ሲያወራኝ እንኳ ከጀርባው ያለውን የጣሪያ ቆርቆሮ የምቆጥር ሰው ነኝ። መብራት ሲመጣ ከሜሮን ጋር ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። አውሮፓው በየፈርጁ ተደርድሯል። እኛ ጋ ሲደርስ «አፍሪካ» ብሎ አንድ ጆንያ ውስጥ ከቶናል፤ ጆንያው ሲፈታ ደግሞ የእኛ አካባቢ ሰው ከቁጥር አይገባም። ዜሮ ይላል። ፊደሏ የለችም ነው ወይስ ሰዎቹ አልተጠየቁም? አይናገርም።

ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች የተሰበሰበ ሌላ መዝገብ አገኘን። እሱን ለማየት ግን የኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ኮሚቴ! ነፍሴ መለስ አለች። ኮሚቴ ማለት ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይለመናል። እናንተስ ብትሆኑ ሽማግሌ አትልኩም? የቤተ ክርስቲያናችንን ፓስተርና ጎረቤቴን አቶ ደበበን ይዤ «ስለ ሕፃኑ ብላችሁ» የሚል ማመልከቻ ጻፍን፤ ሜሮን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። የቤተ ክርስቲያኗን ማኅተምም አሳረፍንበት።

«አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ማኅተም አያውቁም።»

«ማኅተም የማያውቅ ኮሚቴ የት አለ? ይልቅ ፎቶውን ደመቅ አድርገሽ አንሺው።»

መልስ መጣ። የምርምር ተቋም ስላልሆናችሁ ማየት አትችሉም፤ ነገር ግን ከአካባቢያችሁ ያለን መረጃ ጥቂት ነውና የሕፃኑን ብትሰጡን፣ ስሙ ሳይጠቀስ ማንም በሚያየው በዚያ በክፍቱ ድረ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።

«ለልመና ሄደን ተለምነን እንምጣ? ደፋሮች!» አሉ አቶ ደበበ። ሜሮን ግን «ከእኔ በኋላ የምትመጣ እናት ባዶ ገጽ አታግኝ» ብላ ፈቀደች። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ሰጥቶ ባዶ እጅ መመለስ በየትኛውም ገበያ ያስቃል። ልጁ ግን የእሷ ነው።

ከዚያም በኋላ መፈለጓን አልተወችም። መውለጃዋ በተቃረበበት ሰሞን አንድ ከሰዓት ሱቄ ድረስ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ መጣች። በዚያ ሆድ በቦዳቦዳ! ልቆጣ አፌን ስከፍት ስልኳን ደቀነችብኝ። ዜሮ የነበረው አንድ ሆኗል።

«አባዬ፣ ተገኘ! ሌላ ልጅ አለ! እናቱን እንፈልጋት፤ ሌላ ወልዳ እንደሆነ እንጠይቃት!»

መነጽሬን አደረግሁ። ወንድ፤ አራት ዓመት፤ አንገቱ ያልጸና፤ ናይሮቢ የተነበበ። የልጅ ልጄን ስሙን ባይጠሩልኝም አውቀዋለሁ።

ቀና ብዬ አየኋት። ገና እየሳቀች ነው። ወንበር ሳብኩላት፤ እስክትቀመጥ ድረስ እንኳ ያቺ ሌላ እናት ትኑርላት ብዬ።