«ጠላትሽ ይሙት» ያልኩበት ጨዋታ

ልጅ «ሞትኩ!» ብላ እየሳቀች ስትጮህ የሰማ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ስንቱን ጠየቅሁ፤ የመለሰልኝ የለም። እኔ የማውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው። ሰው «ሞትኩ» ሲል «ጠላትሽ ይሙት» ይባላል። እናቴ ለእኔ እንዲህ ስትል አደግሁ፤ እኔም ለልጆቼ እንዲሁ። ሳላስበው ነው ከአፌ የሚወጣው። የልጅ ልጄ ቤዛዊት ግን ከሁለቱ ጓደኞቿ ከኪሩቤልና ከሐያት ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩላ ጌም ስትጫወት በየደቂቃው ነው የምትሞተው።

«ሞትኩ!»

«ጠላትሽ ይሙት!»

«ኧረ እማማ፣ ገና ሁለት ነፍስ አለኝ!»

ሁለት ነፍስ! በስመ አብ! ነፍስ እንደ ሽንኩርት በመደብ የሚሸጥ መሰላት እንዴ?

በዚህ ላይ ውድድር መጣ። አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከየሰፈሩ የተሰበሰበ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲገዳደል ይውላል አሉኝ። «አትሄጂም» አልኳት። አዳራሹን አላውቀው፣ ሰዎቹን አላውቃቸው፤ መሻገሪያ የሌለው አስፋልት አለ፤ ዝናብ አለ፤ ደግሞ ያ ሁሉ ጩኸት ለጆሮዋ። «እማማ፣ ቡድናችን ሦስት ሰው ነው፤ እኔ ከቀረሁ እነሱም ይቀራሉ» አለችኝ። «ይቅሩ። እናቶቻቸው ይመርቁኛል» አልኳት። በዋዜማው ማታ እሷ ፊቷን ልትታጠብ ወጣ ስትል በእጇ ይዛ የምትጫወትበትን ጆይስቲክ አነሣሁና ትራሴ ሥር ከተትኩት። ጭንቅላቴንም እላዩ ላይ አሳረፍኩ። ቆረቆረኝ። ይቆርቁረኝ ብዬ ተኛሁ፤ ያየሁትንም ሕልም አየሁ።

በሕልሜ ጠራራ ፀሐይ ነበር። እኔና ሁለቱ ጎረቤቶቼ፣ የሻረግና ሐጂት ዘምዘም፣ ተያይዘን ወደ ውድድሩ እንሄዳለን። ልናይ አይደለም፤ ልንጫወት ነው። የሻረግ ከቀሚሷ በላይ ቁጥር ያለበት ማሊያ ለብሳለች። ሐጂት ዘምዘም ጣቶቿን አንድ በአንድ እያንቋቋች «ዛሬ ማንንም አልምርም» ትላለች። ዝንብ እንኳ መስኮት ከፍታ የምትሸኝ ሴት!

ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንብ ስለነበር ጃንጥላችንን ገልብጠን እግራችን ሥር እያደረግን ሄድን። ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ታክሲዎቹ ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። የኋለኛው ሚኒባስ አንገቱን እያሰገገ «ሰው መጣ እንዴ?» ይላል። የፊተኛው ደግሞ «አትጋፋ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምኩት!» ይለዋል። ረዳቱ እጄን ስሞ «እማማ፣ በእኔ ይግቡልኝ፤ እንዲያው ለነፍስዎ ይሁን» አለኝ። ስንገባ ወንበሮቹ ተነሥተው እላያችን ላይ ተቀመጡ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» አለ አንዱ ወንበር ጭኔ ላይ እየተደላደለ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አልኩት።

«ሁላችንንም ያመናል» አለኝ።

የወረድነው በግ ተራ ነው። በጎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ሰው እየመረጡ ነበር። አንድ ሙክት መጣና ወገቤን ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ «ይቺን ጭንቀት ጨርሷታል፤ ሥጋ የላትም» ብሎ ተወኝ። የሻረግን ግን ዞር ብሎ ሁለቴ ዳበሳት። «ይቺ ለበዓል ትሆናለች።» የሻረግ ተሽኮረመመች። «ሰምታችኋል? ለበዓል እሆናለሁ» እያለች ቆማ ልትቀር ስትል በማሊያዋ ጎትቼ አመጣኋት።

አዳራሹ በር ላይ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ሕፃን መሬት የሚጠርግ የዘበኛ ካፖርት ለብሳ ቆማለች።

«አሳዳጊ ይዛችኋል?» አለችን።

«እኔ ራሴ አሳዳጊ ነኝ!» አልኩ።

«አያቶች ብቻቸውን አይገቡም። ሂዱና አሳዳጊ አምጡ።»

ድምፅዋ ቁርጥ የርእሰ መምህር ነበር። ሐጂት ዘምዘም «ልጄ፣ ዛሬን ብቻ እለፊን» ብላ ለመነች፤ የሻረግ አኮረፈች። ዞር ብል ቤዛዊት መጣች። የእኔን መነጽር አድርጋለች፣ የእኔን የክት ነጠላ ተከናንባለች፣ ወገቧን ይዛ እያለከለከች ነው።

«ሳትነግሪኝ ነው የመጣሽው አይደል?» አለችኝ። «ቁርስሽንስ በላሽ? ካልሲሽ የታለ? መድኃኒትሽን ውጠሻል?»

«ተይኝ በናትሽ» አልኳት፣ «ጓደኞቼ ፊት አታሳፍሪኝ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የማን እንደሆነ አወቅሁት። እሷ ግን ነጠላዬን ወደ ዓይኗ ወሰድ አድርጋ ለሕፃኗ ዘበኛ «ያስገቧት፤ እምቢ ብላኝ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ» አለቻት። ገባን።

በሩ ውስጥ አንዲት ዶሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነፍስ ታድላለች። ነፍሱ ዕንቁላል ነው፤ ገና ያልቀዘቀዘ። ለሁላችንም ሦስት ሦስት ሰጠችን። «ቀስ አድርጋችሁ ያዙ፤ አምጬ ነው የወለድኩት» አለች። እኔ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

«እንዲያው አንዷን ለቤት ባስቀርስ?» አልኳት። «ልጅ አለችኝ።»

«ነፍስ ወደ ቤት አይወሰድም። እዚሁ ነው የሚያልቀው።»

«እንግዲያው ሦስቱንም ለእሷ ያዢልኝ። እኔ ባዶዬን እጫወታለሁ።»

ዶሮዋ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። «ሁሉም አያት እንደዚህ ይላል። ቀጣይ!»

አዳራሹ አሮጊት በአሮጊት ነው። ሻሻቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ እግራቸውን አንፈራጠው፣ ዓይናቸውን መስኮቱን በሚያህል ቴሌቪዥን ላይ ተክለው ይፋለማሉ። ተመልካቾቹ ልጆች ናቸው። ማንም አያጨበጭብም፤ ሁሉም ይጨነቃል።

«ዓይናቸው ይጠፋል እኮ!»

«ወገባቸውስ? ከጠዋት ጀምሮ አልተነሡም።»

«የእኔዋ እህል ትታለች። ስጠራት ‹አቤት› እንኳ አትልም።»

አንዲት ጡጦ የያዘች ልጅ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ «ወይ የዘንድሮ አያቶች!» ብላ ተነፈሰች።

ዳኛው አህያ ነበር። ሁለት ነጋዴዎች ኬሻ ተሸክመውለት ከኋላው ቆመዋል። «ስሙ» አለ፣ «እዚህ ቤት የተባለ ሁሉ ይፈጸማል። አፋችሁን ጠብቁ። ጀምሩ!»

መጀመሪያ ፈራሁ። ምኑን ጫን፣ ምኑን ለቀቅ እንደማደርግ አላውቅም። ከዚያ ጣቶቼ ምስር እንደሚለቅሙ ሆኑና ራሳቸው ሄዱ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የእኔን ሻሽ አስራ ዘነዘና ይዛለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ትወቅጠዋለች። ሐጂት ዘምዘም ከአጠገቤ «አፉ በለኝ ልጄ» እያለች በቡጢ ታነጥፋለች። የሻረግ ግን ወዲያው «ሞትኩ!» አለች። የመጨረሻ ዕንቁላሏ ተሰነጠቀና ጫጩት ወጥታ በጠረጴዛው ሥር ሮጠች። የሻረግ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ጠላ...» ብዬ ስጀምር አህያው ጆሮውን አቆመ፤ አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

ቤዛዊት ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች።

«አንድ ጉርሻ ብቻ። ለእኔ ስትይ።»

«ቆይ፣ ይሄን ዙር ልጨርስ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ‹ይሄን ዙር› ነው የምትይኝ!»

«ቤዛ ዞር በይ፣ አይታየኝም! ልትገድይኝ ነው!»

ምሳ ዕቃውን ከፍታ ከአጠገቤ አስቀመጠችውና ሄደች። ዞሬ ላያት ብፈልግም ጣቶቼ አልለቀቁኝም።

«የፍጻሜ ጨዋታ!» አለ አህያው።

ቀና ስል ከፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ቤዛዊት ናት። ነጠላዬም መነጽሬም የሉም፤ ራሷ ናት። አንዲት ዕንቁላል ብቻ ቀርታታለች። የእኔ ሦስቱም ነጠላዬ ጫፍ ላይ ናቸው። ደግሞ ባዶ እጇን ነው። አውራ ጣቶቿ አየሩን ይጫኑታል፤ አየሩ አይታዘዛትም።

«ጆይስቲክሽ የታለ?» አልኳት።

ባዶ መዳፎቿን ዘረጋችልኝ።

«እናንተ ሰዎች፣ ለልጅቱ ስጧት እንጂ! በባዶ እጅ መጋጠም አለ እንዴ?»

«የደበቀው ይስጣት» አለ አህያው።

እጄን አየሁት። የያዝኩት የእሷን ነው። አንዱ ቁልፍ ስለተላጠ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጋበት ነበር፤ ቀይዋ ነጥብ አውራ ጣቴ ሥር አለች። ልወረውርላት እጄን አነሣሁ፤ ከመዳፌ ጋር ተጣብቋል። ጎተትኩ፣ ነከስኩ፣ አልለቅ አለ። በዚህ መሐል ያቺ ሻሽ ያሰረች ሴትዮ ዘነዘናዋን አንሥታ ወደ ቤዛዊት ትሮጣለች።

«ቁሚ!» አልኳት። «ቁሚ አንቺ ሴትዮ! ልጄ ናት!»

አትሰማም። ሰው የማትሰማ ደረቅ አሮጊት! መታቻት።

«ሞትኩ» አለች ቤዛዊት። ያን ጊዜ አልሳቀችም።

አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

«ጠላትሽ ይሙት!»

አህያው ከወንበሩ ተነሣ።

«ተባለ» አለ። «የተባለ ይፈጸማል። የልጅቱ ጠላት የት አለ?»

ልጆቹ በሙሉ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«እኔ?» አልኩ። «እኔ እኮ አያቷ ነኝ! እዚህ ጀርባዬ ላይ ነው ያደገችው! ኩፍኝ የያዛት ጊዜ ዓይኔን ያልከደንኩት እኔ...»

«ከፊቷ የተቀመጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ግን...»

«በሯን የዘጋባትስ?»

«መኪናው በዝቶ ነው! ዝናቡ...»

«እጅሽ ላይ ያለው የማን ነው?»

ነጠላዬ ጫፍ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንደኛው ዕንቁላል ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ሌላው። እርጥበቱ በቀሚሴ ወረደ። የቀረችውን በግራ እጄ አቀፍኳት። «ይቺን ለእሷ ስጡልኝ! እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ይቺን እንኳ ለእሷ!» እያልኩ ጮህኩ። ሐጂት ዘምዘም ታለቅሳለች። የሻረግ ጠረጴዛ ሥር ጫጩቷን ታባርራለች። ቤዛዊት ተነሥታ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና በጆሮዬ «እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ዕንቁላሏ በጣቶቼ መሐል...

ነቃሁ።

ነግቷል። ትራሴ ረጥቧል፤ የጆይስቲኩ ቁልፎች ጆሮዬ ላይ ታትመዋል። ቤዛዊት በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። እነኪሩቤል ያሠሩትን፣ ስማቸው ከኋላ የተጻፈበትን ሹራብ ለብሳለች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

በእኛ ቤት የሚወጣ ሰው «ደህና ዋይ» ይላል፤ እኔ «በሰላም ግቢ» እላለሁ። የእሷ ይቀድማል፣ የእኔ ይከተላል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ቀን አዛብተነው አናውቅም። ጠበቅሁ። ዓይኗ ከፊቴ ወደ ትራሴ ወረደ። ለካ ታውቅ ኖሯል። ቀና አድርጋኝ ልትወስደው ትችል ነበር፤ እንዳትቀሰቅሰኝ ብላ ትታው ነው። በሩን ከፈተች፣ ወጣች፣ ቀስ አድርጋ መለሰችው። ወርውራ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

«ሄደች እንዴ?» አለ አባቷ፣ ልጄ ጌታሁን፣ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ከጓዳ ብቅ ብሎ። «ባዶ እጇን ሄዳ ምን ልታደርግ ነው? እዚያ እኮ ሁሉም የራሱን ይዞ ነው የሚገባው። ቁጭ ብላ ሌላውን ልታይ ይሆናላ።»

ተነሣሁ። ጆይስቲኩን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩትና ጥብቅ አደረግሁት። ጫማዬን የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አጠለቅሁ፤ ሳውቀውም አላስተካከልኩት።

«እማዬ፣ ወዴት ነው? ቁርስ እንኳ ሳትቀምሺ? አዳራሹን ታውቂዋለሽ? እማዬ! አንቺን እኮ ነው! ብቻሽን እንዴት ትሻገሪያለሽ?»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ «ደህና ዋል» እንኳ አላልኩትም።