የታዳኞች አማካሪ

ቪዲዮ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ መካሪ አለ። ሌላው ሰው ፊልም ሊያይ ይገባል፤ እሱ ግን ፊልሙን ሊያግዝ ነው የሚገባው። አክተሩ በር ሲከፍት «አትክፈት!» ይላል፣ ሲተኛ «ተነሥ!» ይላል፣ ልጅቷን ሲስም ደግሞ «አሁን የመሳም ሰዓት ነው?» ብሎ ይቆጣል። ይህ ዓይነቱ ሰው ዳንግላም አለ፣ አዘናም አይጠፋም። የእንጅባራዋ ደጊቱ ግን የደረሳትን መካሪ ከማንም ጋር አታወዳድርም፤ የእሷ የሁሉም አለቃ ነበር።

የደጊቱ ቪዲዮ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። በሩ ሰማያዊ፣ ጣሪያው ዝናብ በመጣ ቁጥር ድምፅ የሚውጥ ቆርቆሮ። ሰው ሁሉ በየስልኩ ፊልም በሚያይበት በዚህ ዘመን ቤቷን ያቆመላት አንድ ዓይነት ፊልም ነው፤ ሚዳቋ ማደን የሰለቻቸው ሀብታሞች ሰው ጫካ ውስጥ ይለቁና ለጨዋታ ያድኑታል። ደንበኞቿ ስም አውጥተውለታል፤ «ታዳኝ» ይሉታል። «ደጊቱ፣ ዛሬ ታዳኝ አለ?» አዎ ካለች አግዳሚው ይሞላል።

ከፊት ወንበር የማይጠፉት ክቡር አቶ ብሥራት፣ የዓለም ታዳኞች ሁሉ ጠበቃና ቋሚ አማካሪ፣ በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ከቪዲዮ ቤቱ ትይዩ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ፤ ፊልሙ ሊጀመር ሲል ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ መንገዱን ተሻግረው ይመጣሉ። ቅርብ ያለችው ጥርባ ድረስ እንኳ በእግራቸው ሄደው የሚያውቁ አይመስሉም። ስለ ጫካ ግን የማያውቁት የለም።

«ውኃ ግባ! ውሻ ውኃ ላይ ሽታ ይጠፋዋል!»

«ወደ ኋላ አትይ! የኋላህን እኔ አይልሃለሁ!»

አንዳንዴ ምክሩ ወደ ሙያቸው ያዘነብላል። «በዚህ ሱሪ ነው የምትሮጠው? ስፌቱን እየው! ቁልቁለቱ ላይ ይተረተራል!» አንድ ቀን እውነትም ተተረተረ። አክተሩ እሾህ ውስጥ ሲወድቅ ሱሪው ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ተቀደደ። አቶ ብሥራት ብድግ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ ሹመት እንደ ተቀበለ ሰው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

ከኋላ የሚቀመጡት ወጣቶች፣ በተለይ የባጃጅ ሹፌሩ ትዕዛዙ፣ አይወዷቸውም ነበር። «ምን ያስጨንቅዎታል? አክተር አይሞትም!» ይላቸዋል።

«እሱስ አክተር መሆኑን በምን ያውቃል?» ይላሉ አቶ ብሥራት።



በመጨረሻ ትዕዛዙ ጓደኞቹን አስከትሎ ደጊቱ ዘንድ መጣ። «ወይ እሳቸው ወይ እኛ» አላት። የኋላው አግዳሚ ከሄደ ቤቱ እንደሚዘጋ ታውቃለች። ስታመነታ ውላ ወደ በረንዳው ተሻገረች።

«ጋሼ ብሥራት፣ አይቀየሙኝና… ደንበኞቹ አስቸገሩኝ። ለጥቂት ጊዜ ቢያርፉልኝ።»

መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሊያስገቡ ይታገሉ ነበር፤ ቀና አላሉም። «እንደማስቸግር አውቃለሁ» አሉ። ክሩን በከንፈራቸው አርጥበው፣ «ዛሬ ታዳኝ ነው?»

«ነው።»

«ጫካ ነው በረሃ?»

«ጫካ።»

«ዛፍ ላይ እንዳይወጣ» አሉ በቀስታ። «ዛፍ መጨረሻው መውረድ ነው።»

 የዚያን ቀን አክተሩ ዛፍ ላይ ወጣ። ማንም ምንም አላለውም። ሰዎቹ ለውዛቸውን እየፈለፈሉ ዝም ብለው አዩ፤ ገሚሱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዱም ያንኮራፋል። ትዕዛዙ ወደ በሩ መጥቶ፣ «ደጊቱ፣ ድምፁን ቀንሰሽዋል እንዴ?» አላት።

«እስከ መጨረሻው ነው።»

«እንግዲህ ፊልሙ ነው ማለት ነው» አለና ተመለሰ። አፉ ሌላ ሊል ፈልጎ ኩራቱ እንደ ከለከለው ያስታውቅበት ነበር።

በሳምንቱ የገበያ ቀን ዋለ። መንገዱ በድንች ጆንያና በጋሪ ተጨናንቋል። ደጊቱ ደጇ ላይ ቆማ ሳለ ከመናኸሪያው በኩል አንድ ጎልማሳ ሙዝ በደረቱ አቅፎ ሲሮጥ አየች። ፊቱ የደነገጠ ነው። አንድ ድምፅ «ሌባ!» አለ። በቃ፤ ሌላው ተቀበለው፣ ገበያው ሁሉ ተነሣ። ዱላ ያለው ዱላውን፣ የሌለው ድንጋይ አነሣ። ከፊት ከፊት የሚሮጠው ትዕዛዙ ነበር።

ደጊቱ እንዲህ ያለ ሩጫ መጨረሻው እንደማያምር ታውቃለች።

ድንገት ከበረንዳው የምታውቀው ድምፅ ፈነዳ። አቶ ብሥራት በርጩማቸው ላይ ቆመዋል፤ ሜትራቸው በነፋስ ይውለበለባል።

«በግራ! በግራ በቀርከሃው አጥር! ወደ ኋላ አትይ!»

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ታዳኝ ሰማቸው። ሰውየው ወደ ግራ ታጠፈ።

«ጋሪውን ዙረው! አሁን ሰማያዊው በር! ግባ!»

ደጊቱ ሳታስብ በሩን በረገደችው። ሰውየው ከነሙዙ ዘሎ ገባ፤ እሷም ተከትላው ገብታ ከውስጥ ቀረቀረችው። በበሩ ስንጥቅ ስታይ አቶ ብሥራት መንገዱን ተሻግረው እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ደጁ ላይ ቆመዋል። ድምፃቸው የለመደችው ነው።

«ምን ሰረቀ?»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ።

«አንተ ትዕዛዙ፣ ምን ወሰደብህ?»

«እኔን አይደለም… ሲሮጥ አይቼ ነው።»

«አንተስ? አንቺስ?» ሁሉም ጎረቤቱን ጠቆመ፤ ጎረቤቱም ጎረቤቱን። የተሰረቀ ሰው ከገበያው ሁሉ አልተገኘም። የተነሣው ድንጋይ አንድ በአንድ መሬት ወረደ፤ አንዳንዱም ድንጋዩን ለምን እንደያዘ ረስቶ ኪሱ ከተተው።

ውስጥ ሰውየው ትንፋሹ ሲመለስ ኪዳኑ እንደሚባል ነገራት። «ሚኒባሱ እናቴን ይዞብኝ ሄደ!» አለ ሊያለቅስ ደርሶ። ከአዘና ይዟቸው መምጣቱ ነበር፤ ዳንግላ ላይ የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፍላቸው። ሙዝ ልግዛ ብሎ ሲወርድ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ስልኩም እሳቸው ጭን ላይ በፌስታል ቀርቷል። «ዓይናቸው አያይም እኮ! ወዴት እንደሚሄዱ እንኳ አያውቁም!»

ደጊቱ በሩን ከፍታ ይህን ለሕዝቡ ጮኻ ተናገረች። ትዕዛዙ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ሮጦ ባጃጁን አስነሣ። «ግቡ!» አለ። ኪዳኑ ገባ፤ አቶ ብሥራት ገቡ፤ ደጊቱም ቪዲዮ ቤቷን ቆልፋ ገባች።

የዳንግላን መንገድ ባጃጇ እንደዚያ ሮጣበት አታውቅም። አቶ ብሥራት ከኋላ በትዕዛዙ ጆሮ ሥር፣ «ጉድጓድ! በቀኝ! ላሟን አሳልፋት!» እያሉ ይመራሉ። ትዕዛዙም «እሺ ጋሼ፣ እሺ» ይላል። ከከተማው እንደ ወጡ ሚኒባሱን መንገድ ዳር ቆሞ አገኙት። ከውስጡ የምርኩዝ ድምፅ ይሰማል፤ የሹፌሩን ወንበር ይደልቀዋል።

«ልጄን ጥለህ እኔን ለማን ነው የምታስረክበኝ? ንገረኝ እስኪ!» ይላሉ የኪዳኑ እናት፣ እማማ ውብአየሁ። ሹፌሩ ላብ አጥምቆታል። ኪዳኑ እጃቸውን ሲይዝ ምርኩዙ ወረደ፤ ከዚያ ደግሞ በቀስታ ትከሻው ላይ አረፈ። «ሙዙስ?» አሉት። እንዳቀፈው ነበር።

ወደ እንጅባራ ሲመለሱ ደጊቱ ለብዙ ጊዜ በሆዷ የነበረውን ጠየቀች።

«ጋሼ ብሥራት፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው እንደማይሰማዎት ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ እንጂ! ሞኝ አደረግሽኝ?» ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። «ግን ያ ሁሉ ሽጉጥ፣ ያ ሁሉ ውሻ፣ ያ ሁሉ ሀብታም በአንድ ሰው ላይ! ከእሱ ወገን አንድ ድምፅ ይኑር ብዬ ነው።»

ትዕዛዙ መስታወቱን ሲያስተካክል ቆየ። «ነገ ታዳኝ አለ» አለ ማንንም ሳያይ። «ቦታዎን እይዝልዎታለሁ።»

ከሳምንታት በኋላ እማማ ውብአየሁ ከኪዳኑ ጋር ወደ እንጅባራ መጡ። ሞራው ተገፏል። «ያን የጮኸውን ሰው አሳዩኝ» ብለው በረንዳው ድረስ ሲሄዱ፣ ክቡር አማካሪው አፍረው የተሰፋ ኮት መልሰው ሲሰፉ ተገኙ። እማማ መርቀዋቸው ሲያበቁ እጃቸውን ይዘው ወደ ቪዲዮ ቤቱ ወሰዷቸው፤ በአዲሱ ዓይናቸው ፊልም ማየት አምሯቸዋል።

ከፊት ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አክተሩ ይሮጣል፣ ውሾቹ ይከተሉታል። አቶ ብሥራት አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። «በቋጥኙ በኩል! ጎንበስ በል! እማማ፣ አይፍሩ፣ አብረነው ነን!»

እማማ ውብአየሁ ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ በአዊኛ አንድ ነገር በቁጣ ተናገሩ። አዊኛ የሚያውቀው የቤቱ ግማሽ በሳቅ አውካካ።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ብሥራት ግራ ተጋብተው።

«ውሾቹ ከስተዋል አሉ» አለ ኪዳኑ እየሳቀ። «ይህን ሁሉ የሚያስሮጣቸው ሰው ምን ያበላቸዋል ነው የሚሉት።»

አቶ ብሥራት ስክሪኑን አዩ። ስንት ዘመን ታዳኝ ሲመክሩ ውሾቹን አንድም ቀን ልብ ብለው አላዩም። አንገታቸውን ዘመም አድርገው አንዱን ነጭ ውሻ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«እውነትዎን ነው እኮ እማማ» አሉ በሐዘን። «ጎድኑ ይቆጠራል።»

ደጊቱ በሩ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።