የጋሽ ወልደዮሐንስ ባሕር

ዕድር የሌለው ሰፈር ይገኝ ይሆናል፤ ዝናብ ዐዋቂ የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አልተቆረቆረም። የትም ብትሄዱ፣ በጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ዛሬ እንኳ አይዘንብም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ጉልበቱን እያሻሸ ይተነብያል፣ ሌላው የጉንዳን ሰልፍ እያየ። ከዲላ ከተማ ዳር፣ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ በኩል ያለው ሰፈር ግን በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። የዚህ ሰፈር ዝናብ ዐዋቂ ጋሽ ወልደዮሐንስ ሰማይ አያዩም። የሚያዩት ባሕር ነው።

ዲላ ላይ ባሕር የለም ብሎ የሚከራከር ካለ ከእሳቸው ጋር ይሞክረው። አባያ ሐይቅ ቅርብ ነው ያላቸውን ሰው በንቀት አይተው «እሱ ኩሬ ነው፤ ከኩሬ የሚነሣ ዝናብ የጎረቤታችንን የፈለቀን አጥር አያልፍም» ብለው አሰናብተውታል።

ጋሽ ወልደዮሐንስ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመናኸሪያ የሞያሌ መስመር ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። አውቶቡስ ሲያስወጡና ሲያስገቡ ሸበቱ። መናኸሪያውን ለቀቁ እንጂ ስምሪቱን አልለቀቁም፤ በአውቶቡሱ ቦታ ዝናቡን ተኩት፣ በቃ። እንደ እሳቸው አባባል ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ ይነሣል፣ ኬንያን ያቋርጣል፣ ሞያሌ ኬላ ላይ ይፈተሻል፣ ያቤሎ ያድራል፣ በሀገረ ማርያም አድርጎ ይርጋጨፌ ምሳውን ይበላና በሦስተኛው ቀን ዲላ ይገባል። «ዝናብ እንደ አውቶቡስ ነው» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ሳይነሣ አይደርስም። መነሻውን ሳታዩ መድረሻውን አትጠይቁኝ!»

መነሻውን የሚያዩት በስልካቸው ነው። ቤታቸው የተከራየችውን ሀዊን፣ ከወለጋ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረውን ልጅ፣ «እስቲ ባሕሩ ላይ ያለውን አየር አውጪልኝ» ብለው ቢለማመጧት በኬንያ ዳርቻ ማሊንዲ የሚባል ቦታ አገኘችላቸው። ገጹ የተሠራው በሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል ለሚጋልቡ ሰዎች ነበር። ማዕበሉ የሰው ጉልበት ይደርስ እንደሆነ ወይም ወገብ፣ ነፋሱ ከየብስ ይነፍስ እንደሆነ ወይም ከባሕር፣ ለመጋለብ ጠዋቱ ይሻል እንደሆነ ወይም ማታው፣ ሁሉን ዘርዝሮ ይናገራል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጨዋታ ነው። ለገበሬ አይሆንም» አለቻቸው ሀዊ።

«ልጄ፣ ውሃው ያው ውሃ ነው» አሏት። «እነሱ ይጋልቡታል፣ እኛ እንቀበለዋለን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክቡር የሕንድ ውቅያኖስ ቋሚ መልእክተኛ በዲላ፣ ባጃጆች በሚዞሩበት መታጠፊያ ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በየጠዋቱ መግለጫ ይሰጣሉ። ማዕበሉ ጉልበት ድረስ ከሆነ ዲላ ፀሐይ ናት። ወገብ ድረስ ከሆነ ካፊያ ነው። ከራስ በላይ ከሆነ ፍየልም ልጅም ወደ ቤት ይግባ። ገጹ ላይ የተጻፈውን ምክርም አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ያስተላልፋሉ። አንድ ጠዋት ሩቂያ ቦኖ ውሃ ወረፋ ይዛ ጀሪካኗን ስታሽከረክር አጠገቧ ቆሙና «ጀማሪዎች ዛሬ ከውሃው እንዲርቁ ተመክሯል» አሏት።

«የምን ጀማሪ?» አለች ሩቂያ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እኔ ውሃ መቅዳት ዛሬ ጀመርኩ?»

ፈለቀ ልጁን ሲድርም ያማከረው እሳቸውን ነበር። «ነፋሱ ከየብስ ነው፣ ማዕበሉ እንደ ሕፃን ተኝቷል፣ ዝም ብለህ ደግስ» አሉት። ደገሰ። ሙሽሮቹ ገና ኬኩን ሳይቆርሱ የመጣው ዝናብ ድንኳኑን አሽቀንጥሮ ጎረቤት ጓሮ ጣለው። ሚዜዎቹ ምሰሶ ይዘው ቀሩ፤ ሙሽሪት ባጃጅ ውስጥ ገብታ ወጡን በመስኮት ተቀበለች። ጋሽ ወልደዮሐንስ ግን ሳህናቸውን ኮታቸው ውስጥ ሸሽገው፣ ውሃ ከግንባራቸው እየተንጠፈጠፈ፣ በእርጋታ «ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ። «በአቋራጭ የገባ ነው።»

ከዚያ ሠርግ ወዲህ ሰፈሩ አንድ ሕግ አወጣ። የጋሽ ወልደዮሐንስ ቃል አይናቅም፤ ይገለበጣል። ፀሐይ ካሉ እንጨት ይገባል፣ ዝናብ ካሉ በርበሬ ይሰጣል። ሕጉ እምብዛም አሳፍሮ አያውቅም። እሳቸው ይወቁ አይወቁ ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ መግለጫቸውን ከሰጡ በኋላ ግን ዘወር ብለው የሰፈሩን ግቢ ሳያዩ ፈጥነው ቤታቸው ይገባሉ።

ይህን ሕግ ከማንም ይልቅ አጥብቃ የያዘችው የአጥር ጎረቤታቸው ገበያነሽ ናት። ገበያነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የጓሮዋን ቡና ብቻዋን ለቅማ፣ ብቻዋን በሽቦ አልጋ ላይ አስጥታ የምታደርቅ ሴት ናት። አምና ሊደርቅ አንድ ሐሙስ የቀረው ቡናዋን ዝናብ መታባት። ነጋዴው አብዲሳ መጥቶ እንደ ልማዱ አፍንጫውን እስከ ጉንጩ ድረስ ቡናው ውስጥ ቀበረና፣ ቀና ብሎ፣ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ቡና ልትቀይረው ያሰበችው የቤቷ ቆርቆሮ ሳይቀየር ቀረ። ክረምቱን ሙሉ አልጋዋን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስትጎትት፣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ሳፋ ስትደቅን ከረመች። ዘንድሮም ጣሪያዋ ያለው እዚያው የሽቦ አልጋ ላይ ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቡናው ሊደርቅ ደርሶ ነበር። አብዲሳ ሰኞ እመጣለሁ ብሏል። ነገር ግን ሐሙስና ዓርብ ሰማዩ ስለጠቆረ ገበያነሽ በሸራ ሸፍና አቆየችው፤ ቅዳሜ ማለዳ ሸራውን ገለጥ ብታደርግ ቡናው አልቦታል። አንድ ቀን ጥሩ ፀሐይ ካላገኘ መሽተቱ ነው። እሷ ገና ይህን ስታወጣ ስታወርድ ከቡሌ ስልክ ተደወለ፤ አክስቷ ዐርፋለች።

የአክስት ቀብር አይቀርም። ሩቂያ ገበያ ወጥታለች፤ ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ ሰው የለም። ገበያነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች፤ አማራጭ ስላልነበራት ወደ አጥሩ ሄደች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ይላል?»

ጋሽ ወልደዮሐንስ መነጽራቸውን አወጡ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ሰማሁ። ማሊንዲ ጉልበት ድረስ ነው። ከትናንት ወዲያም ጉልበት ድረስ ነበር። የተነሣ ስለሌለ የሚደርስ የለም። ግለጪውና ሂጂ።»

በሕጉ መሠረት መሸፈን ነበረባት። ከሸፈነችው ግን ይሸታል፤ ከገለጠችውና ከዘነበ ደግሞ አለቀላት። ቀና ብላ ብታይ ሰማዩ ንጹሕ ነው።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? የፈለቀ ድግስ አይደለም እኮ። ቤቴ ነው።»

ሰውየው ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ። «ሳልፈትሽ መኪና አስወጥቼ ዐውቃለሁ?» አሉ።

ሕጉን ጣሰች። ሸራውን ጠቅልላ ከአልጋው ሥር አስቀመጠችና ሄደች።

ቡሌ ላይ ቀብሩ ተፈጽሞ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ ደመናው መጣ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ወረደ። ሴቶቹ ተጠጋጉ፣ ቆጮ የያዙት ልጆች እየሮጡ ገቡ። ገበያነሽ አለቀሰች፤ ከእንባዋ የትኛው የአክስቷ፣ የትኛው የቡናዋ እንደሆነ ራሷም አልለየችም። ተደብቃ ወደ ጋሽ ወልደዮሐንስ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግማ ደወለች። መልእክተኛው አያነሡም።

ቁልቁል ስትመለስ መኪናው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ፣ እሷ ደግሞ የምትናገረውን እያሰናዳች ነበር። በመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ ንግግሩ «እርስዎ» የሚል ነበር። መሀል ላይ «አንተ» ሆነ። ዲላ ሊደርሱ ሲሉ «አንተ ባሕር አይተህ የማታውቅ ሽማግሌ፣ ቤቴን በማላውቀው ውሃ አፈረስከው» የሚል ላይ ደርሳ ነበር። ዲላ ገቡ። ቦዩ ሞልቶ ይፈሳል፣ ባጃጆቹ ጎማቸው እስኪሸፈን ውሃ ውስጥ ናቸው። የፈራችው ሆኗል።

የግቢዋን በር በርግዳ ገባች።

የሽቦው አልጋ ተሸፍኗል። የራሷ ሸራ ከላይ፣ ከሸራው በላይ ሌላ ላስቲክ፤ ላስቲኩን ታውቀዋለች፣ የጋሽ ወልደዮሐንስ ዶሮ ቤት ክዳን ነው። ላስቲኩ ያልደረሰበትን ጫፍ የሸፈነው ደግሞ የእሳቸው ጋቢ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ተዘርግቷል። ዙሪያውን ነፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ ተጭኖበታል። የጋቢው ባለቤት ከቤቷ ክፈፍ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል። በሸሚዝ ናቸው፤ ይንቀጠቀጣሉ።

ገበያነሽ እጇን ከሸራው ሥር ሰደደች። ቡናው ደረቅ ነው። የቀኑ ፀሐይ እንኳ አልለቀቀውም፤ ይሞቃል። አንድ እፍኝ አንሥታ ጆሮዋ ላይ ብትነቀንቀው ፍሬው በልጣጩ ውስጥ ኳ ኳ ይላል።

«ስደውል ለምን አያነሡም?» አለች። ከዚያ ሁሉ ንግግር የቀረላት ይህ ብቻ ነበር።

«ስልኩ ቤት ነው። ስልክ ይዤ እንዴት ሰማይ አያለሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጡት?»

«አንቺ ከሄድሽ።»

«አይዘንብም ብለውኝ አልነበር?»

«አይዘንብም!» አሉና አስነጠሳቸው። «ማሊንዲ ጉልበት ድረስ ነው። ይሄ ከመናኸሪያ ውጭ የተጫነ ነው።»

«አይዘንብም ካሉ ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሸራ ታቅፈው ምን ይሠራሉ?»

ጋሽ ወልደዮሐንስ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን በእርጥብ ሸሚዛቸው ለመጥረግ ሞከሩ፤ ባሰበት። «ስምሪት ሠራተኛ መኪናውን አስወጣሁ ብሎ ቤቱ አይገባም» አሉ በመጨረሻ። «ደረሰ እስኪባል ይቀመጣል።»

ገበያነሽ በዚያች ቅጽበት እኚህን ሰው እንደ አባቷ ወደደቻቸው። ይህን ለመናገር አፏ አልታዘዝ ስላላት ግን «ይነሡ፣ ይግቡ፣ ብርድ ይመታዎታል» ብላ ተቆጣቻቸው።

ሰኞ አብዲሳ መጣ። አፍንጫውን ቀበረ፣ ቆየ፣ ቀና አለ። «ይጫን» አለ።

ማክሰኞ መታጠፊያው ላይ መግለጫ አልተሰጠም። መልእክተኛው ጉንፋን ጥሏቸዋል። ባጃጅ ነጂዎቹ «ባሕሩ ደረቀ እንዴ?» እያሉ ሲሳሳቁ ገበያነሽ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ገባች። ጋሽ ወልደዮሐንስ በመስኮቱ ሥር ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ስልካቸው ወንበር ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል።

«ጋሼ» አለቻቸው፤ «ባሕሩ እንዴት አደረ?»

ዞረው ትክ ብለው አዩዋት። ፌዝ ፈለጉባት፣ አላገኙም። ቀስ ብለው ተነሥተው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን አነሡ፣ ብዙ ቆዩ።

«ከራስ በላይ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቅዳሜ ማታ ነው የተነሣው። ዛሬ ይገባል።»

ገበያነሽ ወጣች። ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም። ሩቂያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ምን አሉ?» ስትላት «ይዘንባል አሉ» ብላ መለሰችላት። ሩቂያ አልሐምዱሊላህ ብላ በርበሬዋን ልታሰጣ ሮጠች። ከወዲያም ከወዲህም ፍራሽ ይወጣል፣ ሰሌን ይዘረጋል፣ ጤፍ ይሰጣል።

ገበያነሽ ግቢዋ ገባች። ጠዋት ያጠበችው የጋሽ ወልደዮሐንስ ጋቢ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል፤ ገና ውሃው ይንጠባጠባል። ወደ ጎረቤት መስኮት ቀና አለች። መነጽር ያደረገ ፊት ከመስታወቱ ኋላ ቆሟል። እጇን ወደ ጋቢው ዘረጋች።

«አንቺ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ሩቂያ በርበሬዋ መሀል እንደተንበረከከች። «በዚህ ፀሐይ?»

ገበያነሽ ከመስኮቱ በደንብ እንድትታይ ወደ ግቢው መሀል ጠጋ አለችና፣ እርጥቡን ጋቢ ከገመዱ ላይ አውርዳ፣ ክንዷ ላይ አጣጥፋ፣ ዝናብ እንደቀደመው ሰው እየተጣደፈች ወደ ቤት አስገባችው።