ኔትወርክ የዳራቸው

የወረዳችን ሰዎች በየስብሰባው እንደሚሉት ከሆነ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ሲመጣ የማይፈለሰፍ ነገር አይኖርም። ሐኪሙ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የፈረስ ቤት ከተማን በሽተኛ ያክማል፤ ገበሬው ከማሳው ሳይወጣ የጤፉን ዋጋ ያውቃል። አሜን ነው፤ ማን ይጠላል? ፈጠራ ፍጥነትን ይጠብቃል ሲሉኝ ግን አይዋጥልኝም። በዘመኔ ያየሁት ትልቁ ፈጠራ የተፈጠረው እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ፎቶ እስኪከፈት ጎረቤት ጠይቀው በሚመለሱበት ኢንተርኔት ነው።

የእህቴ ልጅ ጌትነት ነርስ ነው። ከቡሬዋ መምህርት ከሰላማዊት ጋር መዋደዳቸውን አገር ያውቀዋል። አምና ግን አባቷ አያ ውበቴ ለሕክምና አዲስ አበባ፣ ትልቁ ልጃቸው ዘንድ ሰንብተዋል። ዐቢይ ጾም ደግሞ ደጅ ደርሷል፤ ጾም ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ጌትነት ወደ ጋምቤላ ተዛውሯል፤ አሁን ካልተጋቡ ብቻውን መሄዱ ነው።

ይህም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በእኛ አገር ልጁን በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ አባት የለም። «ከዘመድ ልምከርበት» ብሎ ሽማግሌ ያመላልሳል። ቶሎ ከሰጠማ «ልጅቱ ምን ቢኖርባት ነው?» ይባላል።

እናም ሽምግልናውን በቪዲዮ ጥሪ ልናደርገው፣ መሪጌታ አድማሱን አስቀድመን ከኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ፊት ተደረደርን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥምና ቆምን። ለአያ ውበቴ የታያቸው ግን ሆዳችን ብቻ ስለሆነ፣ ደንቡን ጥሰን ተቀመጥን። ምስሉ ደጋግሞ ቀጥ ይላል፤ የኢንተርኔት ቤቷ ባለቤት ትዕግሥት ደጋግማ ታስነሣዋለች።

«ልጅዎን ለልጃችን» አሉ መሪጌታ።

አያ ውበቴ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና ቀጥ አሉ። ድምፅ የለ፣ ንቅናቄ የለ። ከኋላቸው መጋረጃው ውልብ ያለ መሰለኝ፤ በዚያ ኔትወርክ ግን ማን ዓይኑን ያምናል?

«አሁንም ቆመ» አለች ትዕግሥት።

«ይቁም! ራሳቸውን ከነቀነቁ በኋላ ነው የቆመ። እሺ ብለዋል፤ ተነሡ እንመርቅ!» አሉ መሪጌታ፣ ጾሙን እያሰቡ። መረቅን። ትዕግሥት እልል አለች።

ይሄኔ አያ ውበቴ ነፍስ ዘሩ። «ምነው ጃል! ከዘመድ ሳልመክር ምን አደረጋችሁ?»

«ምርቃት አይመለስም፣ አያ ውበቴ!» አሉ መሪጌታ።

አዛውንቱም ለዘመድ ሁሉ «እኔስ አልሰጠሁም፤ የሰጠ ኔትወርኩ ነው» እያሉ ልጃቸውን ዳሩ።

ባለፈው ሳምንት ጥንዶቹ ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሡ ከጋምቤላ መጥተው ነበር። ጠላው ሞቅ ሲያደርገን አያ ውበቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የዚያን ዕለት ኔትወርኩ አልቆመም።»

«እንዴ! ታዲያ ምን ቆመ?»

«እኔ። ልጄ በስልክ ስታለቅስ ሰንብታለች። እሺ ብል አገር ይስቅብኛል፤ ባመላልሳችሁ ጾሙ ይገባል። ትንፋሼን ውጬ ቀጥ አልሁ። እናንተ ደግሞ ስትዘገዩ! አንገቴ ሊቀነጠስ ነበር።»

ልጅ እንዲህም ይወደዳል። ሳቄንም እንባዬንም በጠላው ዋጥሁት።

ዘንድሮ በመንገዱ ዳር ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው፤ ፈጣኑ ኢንተርኔት ሊገባ ነው አሉ። ምስሉ ሽፋሽፍት ያስቆጥራል፣ መቆም የሚባል ነገር አያውቅም። አያ ውበቴ ያልተዳረች ሁለተኛ ልጅ አለቻቸውና አዘንሁላቸው። ነገሩን አጫወትኋቸው።

«መብራቱ ግን እንደ ድሮው ይጠፋል፣ አይደል?» አሉኝ።