አጀንዳ አንድ፦ መቀመጥ

የሰውን ልጅ የሚያስተዳድረው መንግሥት አይደለም፤ የአቀማመጥ ሥርዓት ነው። ማን መቼ ይቀመጥ የሚለው ሳይለይ አንድም ጉዳይ ፈቀቅ አይልም። አጋነንክ የምትሉ ከሆነ፣ እኔ በዚህ ሰበብ ሚስት ከማጣት ለጥቂት ነው የተረፍኩትና ስሙኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። አትጠገብ የምትባል የጋፋት ልጅ ወደድኩ፤ እሷም አልጠላችኝም። ችግሩ፣ አንድ የይፋግ ነጋዴም ወዷታል! በመጪው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስሰማ፣ ቅዳሜ ቀደምኩት።

የላክኋቸው ሦስት ናቸው፦ መሪጌታ አየለ፣ አከራዬ ባለሱቁ ሼህ ኑሩ፣ ሦስተኛው ዝምተኛው አጎቴ። አግቢው ራሱ በቦታው መገኘቱ ነውር ነው። ስለዚህ አልተገኘሁም… የተገኘሁት ከአጋም አጥሩ ጀርባ ነው።

የአትጠገብ አባት ጓድ ቢያድግልኝ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ያለ አጀንዳ ምሳ አይበሉም ይባላል። ሽማግሌዎቹን ግቢው ውስጥ ተቀብለው ደጃፉ ላይ ወዳለው መደብ አመለከቱ።

«ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ እንደ ደንቡ።

ጓድ ቢያድግልኝ መዝገባቸውን ገለጡ። «ተሰብሳቢው ካልተቀመጠ ስብሰባ አይከፈትም፣ ጓድ መሪጌታ።»

«ልጅዎን ለልጃችን ይስጡንና እንቀመጣለን።»

«እሱ አጀንዳ ሁለት ነው። አጀንዳ አንድ መቀመጥ ነው።»

«እኛ ዘንድ መቀመጥ መጨረሻ ነው።»

ሼህ ኑሩ የንግድ ሰው ናቸው፤ ለማስማማት ሞከሩ። «ለምን አጀንዳውን አናገላብጠውም?»

«ማሻሻያ የሚቀርበው ስብሰባው ከተከፈተ በኋላ ነው፣ ጓድ ሼህ።»

እንዲህ ተፋጠው እንደቆሙ ከጉና በኩል የመጣው ደመና በረዶውን አወረደው። የበረዶው ጠጠር ሽምብራ ሳይሆን ባቄላ ያህላል! ሽማግሌዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ጓድ ቢያድግልኝም ሽማግሌ ውጭ ቆሞ እሳቸው ጣራ ሥር መግባቱን አፈሩበት፤ መዝገቡን ኮታቸው ውስጥ ወሽቀው አብረው ተቀጠቀጡ። እኔ ከአጥሩ ጀርባ በአንድ በኩል አጋም ይወጋኛል፣ በሌላ በኩል ነገ ሽማግሌ የሚልከው ነጋዴ ይታየኛል። «ኧረ ተቀመጡላቸው!» ልል አፌን ብከፍት በረዶ ገባበት።

ያን ጊዜ የመሪጌታን እግር አዳለጠው። ጭቃው ላይ ቁጭ!

«እልልልል!» አሉ የአትጠገብ እናት ወይዘሮ ጥሩዬ ከጓዳ ብቅ ብለው። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነዋ! ጎረቤቱም በየቤቱ ሆኖ እልልታውን ተቀበላቸው። እልልታ መልሶ የዋጠ ሰው ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ገና ድምፅ አልተሰጠም!» ብለው ጮኹ ጓድ ቢያድግልኝ።

«ታዲያ ይሄ ድምፅ አይደለም?»

መሪጌታ ብልህ ናቸው፤ ለመነሣት አልሞከሩም። ሼህ ኑሩና አጎቴም ይህን ሲያዩ ፈጠን ብለው ከጎናቸው ጭቃው ላይ ተደረደሩ። በረዶው ጋብ ሲል ጎረቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ!» እያለ ግቢውን ሞላው። ሊቀመንበሩ ሕዝቡን አዩ፣ ጭቃ ላይ የተደረደሩትን ሽማግሌዎች አዩ። ከዚያ መዝገቡን አውጥተው ጻፉ፦ «አጀንዳ አንድ ተፈጸመ። አጀንዳ ሁለት በእልልታ ጸደቀ።»

ከተጋባን ከዓመታት በኋላ አማቴን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ መሪጌታ እኮ አዳልጧቸው ነው የወደቁት። እውነት የተቀመጡ መስሎዎት ነው?»

«ሲያዳልጣቸውማ አይቻለሁ» አሉኝ። «ታዲያ እስኪነሡ ልጠብቅ ኖሯል?»